98.85 በመቶ

እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 1989 እሑድ ነበር። በምሥራቅ በርሊን የምርጫ ጣቢያዎች ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊዘጉ ሲሉ፣ አብዛኞቹ ወጣት የሆኑ ሰዎች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ገቡና ግድግዳ ተጠግተው ቆሙ። የመጡት ድምፅ ለመስጠት አልነበረም። ምርጫ አስፈጻሚዎቹ «ምን ልታዘዝ?» ሲሏቸው መልሳቸው አጭር ነበር፤ የምርጫ ሕጉ ቆጠራው ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል፣ እኛም ልናይ መጥተናል። ሕጉ በርግጥም እንዲህ ይላል። ችግሩ ሕጉ ይህን ሲል ኖሮ ኖሮ፣ አምኖት የመጣ ሰው እንብዛም አለመኖሩ ነው።

አንዳንድ ቦታ በሩን ዘጉባቸው። በብዙዎቹ ጣቢያዎች ግን ምርጫ አስፈጻሚዎቹ ተያይተው ዝም አሉ። ኮሮጆው ተከፈተ፣ ወረቀቱ ተለይቶ ተቆጠረ፣ ውጤቱም ጮክ ተብሎ ተነበበ። ቆመው የሚያዩት ሰዎች ሁለት ቁጥር ብቻ ጻፉ፤ ስንት ሰው ድምፅ ሰጠ፣ ስንቱ ተቃወመ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሄደው ከሌላ ጣቢያ ከመጡ ባልንጀሮቻቸው ጋር ቁጥሩን መደመር ያዙ። በዚያ አገር ከመንግሥት ፈቃድ ውጭ ሰው ሊሰበሰብበት የሚችል ሌላ ጣሪያ አልነበረም ማለት ይቻላል።

በዚያው ምሽት የአገሪቱ ምርጫ ኮሚሽን ሊቀመንበር ኤጎን ክሬንዝ በቴሌቪዥን ቀርበው ውጤቱን አበሠሩ። ከመራጩ 98.85 በመቶ የሚሆነው በገዢው ፓርቲ የሚመራውን የብሔራዊ ግንባር እጩዎች ደግፏል አሉ።

አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀበት ምርጫ ለምን ይደረጋል ሲባል እኛ ዘንድ የተለመደው መልስ «ለፈረንጅ ለማሳየት» የሚል ነው። ብድርና ዕርዳታ የሚጠብቅ መንግሥት ከሆነ መልሱ ውሸት አይደለም። ምሥራቅ ጀርመን ግን ለማን ልታሳይ? ምዕራባውያኑ ምርጫዋን አንድም ቀን አላመኑትም። ሞስኮ ደግሞ ራሷ ያስተማረችው ሥርዓት ስለሆነ የምትሰማው አዲስ ነገር አልነበረም። የምርጫው ተመልካች እዚያው አገር ቤት ነበር። እያንዳንዱ ጎረቤት፣ ሌላው ጎረቤት መሄዱን እንዲያይ ነበር የሚፈለገው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መራጩ ወደ ጣቢያው ይገባል፣ ስሙ መዝገብ ላይ ምልክት ይደረግበታል፣ ረጅም የእጩዎች ዝርዝር ያለበት አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። ከዝርዝሩ አማራጭ የሚባል የለም፤ ፓርቲዎቹም ማኅበራቱም በአንድ ላይ የቀረቡበት አንድ ወረቀት ነው። የሚደግፍ ሰው አንዳች ነገር አይጽፍም። ወረቀቱን አጥፎ ኮሮጆው ውስጥ ከትቶ ይወጣል። መቃወም የሚፈልግ ግን እርሳስ ያስፈልገዋል፤ በዝርዝሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ስም አንድ በአንድ መሰረዝ አለበት። ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር መስቀል እንደ ተቃውሞ አይቆጠርም ነበር፤ ይህንንም ደንብ ለመራጩ የሚነግረው የለም። የተከለለ ክፍልስ? አለ፣ ሕጉ ያዝዛል። ክፍሉ ብዙውን ጊዜ ከጥግ ነው የሚቀመጠው፣ ወደዚያ የሚያመራ ሰው ደግሞ በሰፈሩ ሰዎች ፊት ለፊት ማለፍ ይጠበቅበታል። ወደ ክፍሉ መግባት ብቻውን መልስ ነው። ምሥጢራዊው ድምፅ መስጫ ምሥጢር የማይጠብቅ ብቸኛው ቦታ ሆኖ አረፈው።

ጨርሶ የቀረ ሰውም አይረሳም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች አነስ ያለች ኮሮጆ ይዘው በሩን ያንኳኳሉ። «ታመሙ እንዴ? ኮሮጆውን እኛው አመጣንልዎ።» ይህ ለአረጋውያንና ለበሽተኞች የታሰበ አገልግሎት ነው፤ የሚጎበኘው ግን ጤነኛውንም ጭምር ነበር።

ከዚህ ውስጥ የወጣው ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ካለው ሁሉ ይልቅ የሚያስቀኝ ነው። ባለሥልጣናቱ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አጥብቀው ስለፈለጉ፣ «አልወጣም» ማለት ዋጋ አገኘ። ምሥራቅ ጀርመናውያን ለመንግሥት አቤቱታ በመጻፍ የታወቁ ነበሩ፤ ምርጫ ሲቃረብ ደብዳቤው ይበዛል፣ ቃሉም ይከርራል። ጣሪያዬ ያፈሳል፣ ሦስት ዓመት አመለከትሁ፣ የሚሰማኝ ካጣሁ እሑድ ከቤቴ አልወጣም። ባለሥልጣኑም በስጨት እያለ ጠጋኝ ይልካል። በድምፁ ማንንም መሾምና መሻር ያልቻለ ዜጋ፣ ድምፁን በመከልከል ጣሪያ አስጠገነበት። እውነተኛ የፖለቲካ ድርድር ከተባለ የተካሄደው እዚህ ላይ ነበር።

የአገሪቱ ምክር ቤትም ቢሆን በጥንቃቄ የተሰፋ ነበር። 500 መቀመጫ ነበረው፤ ገዢው የሶሻሊስት አንድነት ፓርቲ በስሙ የያዘው 127ቱን ብቻ ነው። ሌሎች አራት ፓርቲዎች 52 52 መቀመጫ ነበራቸው፣ የቀረው ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ ለወጣቶች፣ ለሴቶችና ለመሳሰሉት የተመደበ ነው። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ገዢው ፓርቲ አናሳ ነው ሊል ይችላል። የማኅበራቱ ተወካዮች አብዛኞቹ የዚያው ፓርቲ አባላት መሆናቸውን ሲያውቅ ነው ነገሩ የሚገለጥለት። ክፍፍሉም ከምርጫው በፊት ያለቀ ስለሆነ መራጩ ምንም ቢያደርግ አንድ ወንበር አይነቃነቅም።

ይህች አገር ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የቆመው የካርል ማርክስ ሐውልት የእሷ ስጦታ ነው። ስንት ኢትዮጵያዊ ሐኪምና መሐንዲስ ተምሮባታል፤ የደርግ የደኅንነት ሰዎችም ሙያ ቀስመውባታል። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝቡ በኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ላይ ድምፅ ሲሰጥ፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ደግሞ 835 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ሸንጎ ሲመርጥ፣ አካሄዱ ከዚያው ሰፈር የመጣ ነበር። እጩው በገዢው ፓርቲ በኢሠፓ ዓይን ሥር የሚያልፍ ነበር። ስብሰባ የሚጠራውም ስኳር የሚያከፋፍለውም ቀበሌ አንድ በሆነበት ጊዜ፣ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። የሕዝበ ውሳኔው ውጤት 81 በመቶ ድጋፍ ተብሎ ታወጀ። ከበርሊኑ 99 አጠገብ ሲቀመጥ ትሑት ቁጥር ነው። የቁጥር ነገር ካነሣን ዘንድ፣ እንዲህ ያለው ቁጥር ይበልጥ ብልኀት ያለበት ይመስለኛል፤ ምክንያቱን የበርሊኑ ድምር ያሳየናል።

በቫይሰንዜ፣ በፕሬንትስላወር በርግና በፍሪድሪክስሃይን ወረዳዎች የቆሙት ታዛቢዎች ያገኙት ነገር እነሱንም ሳያስገርማቸው አልቀረም። ከየጣቢያው የተለቀመው የተቃውሞ ድምፅ 10 በመቶ እየተጠጋ፣ አልፎ አልፎም ከዚያ እየበለጠ መጣ። ከዚያም በላይ ማንም ሊያስተባብለው የማይችል አንድ ነገር ነበር። እነሱ ጥቂት ጣቢያዎች አምልጠዋቸዋል፤ ሰዎች አስቀድመው ድምፅ የሚሰጡባቸውን ልዩ ጣቢያዎችም ሊያዩ አልቻሉም። ይህም ሆኖ በተገኙባቸው ጣቢያዎች ብቻ የመዘገቡት ተቃውሞ፣ መንግሥት ለመላው ወረዳ ካሳወቀው ተቃውሞ ይበልጥ ነበር። ስለ መቶኛ መከራከር ይቻላል፣ ስለ ናሙናም መከራከር ይቻላል። ክፍሉ ከሙሉው ሲበልጥ ግን ክርክር የለም፤ ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅም ይፈርዳል።

አሁን ቆም ብለን እንይ። ታዛቢዎቹ ያሰሉት ልክ ነው እንበልና፣ ገዢው ግንባር በበርሊን በእውነት ያገኘው ድጋፍ 90 በመቶ ገደማ ነበር። ያ ሁሉ ጫናና ፍርሃት ያለበት ድምፅ ቢሆንም፣ ኮሮጆው ውስጥ የተገኘው ይኸው ነው። የትኛው መንግሥት ነው በ90 በመቶ የሚያፍር? ክሬንዝ ያንን ምሽት እውነተኛውን ቁጥር አንብበው ቢሆን ኖሮ ወጣቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድምራቸውን ሠርተው፣ ልክ መሆኑን አረጋግጠው፣ አዝነው ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። መንግሥት የታሪኩን ትልቁን ማስረጃ በገዛ እጁ የሰጣቸው 8 ወይም 9 ከመቶ ለመጨመር ሲል ነው።

ለምን? መልሱ ያለው ቁጥሩ ከጣቢያ ወደ ላይ በሚወጣበት ደረጃ ላይ ነው። በጣቢያው የተቆጠረው በአብዛኛው እውነት ነበር፤ አስተማሪዋና የፋብሪካ ሠራተኛው ወረቀቱን በትክክል ቆጥረዋል። ቁጥሩ የተለወጠው ወረዳ ሲደርስ ነው። የወረዳው ሹም ፊት ያለፈው ምርጫ ውጤት አለ። በ1986 የምክር ቤት ምርጫ የተነገረው ድጋፍ 99.94 በመቶ ነበር። የእሱ ወረዳ 91 ብታመጣ፣ ላይ ያለው አካል የሚጠይቀው «ሕዝቡ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ አይደለም፤ «አንተ ምን ስትሠራ ነበር?» ብሎ ነው። ጎረቤቱ ወረዳ ስንት እንደሚልክ ደግሞ አያውቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ ራሱን ለማዳን ይጨምራል፤ የጨመረውን ተቀብሎ የሚደምረው የበላይም ለራሱ የሚሆነውን ያክልበታል። ማንም ሰው የመንግሥትን ሥልጣን አልሰረቀም፣ ሁሉም የየራሱን ወንበር ነው የጠበቀው። እንዲያውም 98.85 በአገሪቱ ታሪክ ከታወጀው ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ላይ ያሉት ሰዎች በእነሱ ቤት ለእውነት ብዙ መሸነፋቸው ነው።

ገዢው እንግዲህ ሕዝቡን ሊያስፈራበት ባዘጋጀው መሣሪያ የገዛ ሹሞቹን አስፈራ፤ እነሱም ፈርተው እሱኑ ዋሹት። ይህ የበርሊን ብቻ በሽታ አይደለም። ኢራቅ እ.ኤ.አ. በ1995 ባደረገችው ሕዝበ ውሳኔ ሳዳም ሁሴን 99.96 በመቶ አገኙ ተባለ። በኦክቶበር 2002 ደግሞ ምክትላቸው ኢዛት ኢብራሂም ወጥተው አዲሱን ውጤት አነበቡ፦ መራጩ 11,445,638፣ የቀረ ሰው የለም፣ የተቃወመ የለም፣ 100 በመቶ። ከ11 ሚሊዮን ሰው መካከል በዚያ ቀን የሞተ፣ የታመመ፣ መንገድ የጠፋው አንድም አልተገኘም። የላይቤሪያው ቻርልስ ኪንግ በ1927 መቶኛ እንኳ አላስቸገራቸውም፤ ድምፅ መስጠት የሚችለው ሰው 15,000 በማይሞላበት አገር ከ200,000 በላይ ድምፅ ነው የተቆጠረላቸው። የላይቤሪያው ዐይን ያወጣ ስርቆት ነው፤ ማንንም ለማሳመን አልደከመም። የኢራቁ ግን ከበርሊኑ ጋር ዝምድና አለው። ለ99.96 ተጠያቂ ሆኖ የቆየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ከ100 ሌላ ምን መላክ ይችላል?

የራሳችንን የቅርብ ጊዜ ሳላነሣ ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. የተደረገው ምርጫ ከበርሊኑ ጋር አንድ ነው አልልም፤ በወረቀቱ ላይ ተቃዋሚዎች ነበሩ፣ ክርክርም በቴሌቪዥን ታይቷል። ውጤቱ ግን ከ547 መቀመጫ 547ቱም ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ሁለት ወንበር አምልጧቸው ነበር፤ አንዱን የተቃዋሚው ጥምረት የመድረክ እጩ፣ አንዱን የግል ተወዳዳሪ ይዘውት ነበር። እነዚያም ሁለቱ ተሞሉ። አንድ ለአምስት የተደራጀ መዋቅር ያለው ካድሬ፣ የእሱ ቀበሌ ብቻ ተሸንፎ እንዲገኝ እንዴት ይፈቅዳል? ስድስት ወር ሳይቆይ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም. ላይ ጊንጪ ተነሣች፤ ከጊንጪ ብዙ የኦሮሚያ ከተሞች፣ ቀጥሎም አማራ ክልል። የዚያን ቁጣ መጠን ለመንግሥት አስቀድሞ ሊነግር የሚችል አንድ የተቃዋሚ ወንበር ምክር ቤቱ ውስጥ አልነበረም። የካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። ሕዝብ ሙሉ በሙሉ ከመረጠኝ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም የሚል መንግሥት ምን እንደነካው ሳያውቅ ነው የተናወጠው ማለት ይቀለኛል።

ወደ በርሊን እንመለስ። የተደመረው ቁጥር በእጅ ተባዝቶ ከሰው ሰው መዞር ጀመረ። ሰዎች ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ለእኔ ከታዛቢነቱም በላይ ድፍረት ነው፤ መንግሥትን በመንግሥት ሕግ ከሰሱ። የአገሪቱ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 211 ምርጫ ማጭበርበርን ይቀጣል፣ እነሱም አንቀጹን ጠቅሰው ለዐቃቤ ሕግ አመለከቱ። የደረሳቸው መልስ የሚታወቅ ነው፤ ጥፋት አልተገኘም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ግን ክሱ የታሰበው ለመርታት ብቻ አልነበረም፤ የተቀበለው ባለሥልጣን ፈርሞ «የለም» ማለት ነበረበት፣ ያም ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ 7ኛው ቀን ሲደርስ ጥቂት ሰዎች ምሥራቅ በርሊን መሐል በሚገኘው በአሌክሳንደርፕላትስ አደባባይ ለመሰብሰብ ሞከሩ። የደኅንነት ሰዎች ይለቅሟቸዋል፣ በሚቀጥለው 7 ሌሎች ይመጣሉ። የቀን መቁጠሪያውም አንድ ተንኰል አዘጋጅቶ ነበር። ኦክቶበር 7 የአገሪቱ 40ኛ የምሥረታ በዓል ነው። በዚያ ቀን የሶቪየቱን መሪ ጎርባቾቭን ጨምሮ የወዳጅ አገር መሪዎች በሪፐብሊኩ ቤተ መንግሥት ለግብዣ ተቀምጠው ሳለ፣ ስለ ሜዩ ምርጫ ለማሰማት የመጡት ሰዎች ከአደባባዩ ተነሥተው ወደዚያው አቀኑ። ቁጥራቸው መንገድ ላይ በዛ። ሌሊቱን ብዙዎች ተደበደቡ፣ ብዙዎች ታሰሩ። ከሁለት ቀን በኋላ በላይፕሲግ 70,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወጣና ወታደሩ አልተኮሰም።

ኦክቶበር 18 የአገሪቱ መሪ ኤሪክ ሆኔከር ከሥልጣን ወረዱ። ፓርቲው ሕዝቡን ያረጋጋል ብሎ የተካው ሰው ማን ነበር? ኤጎን ክሬንዝ፣ የ98.85ቱ ባለቤት። ከዚህ የባሰ ምርጫ ማድረግ አይቻልም ነበር፤ አገር ሁሉ ፊታቸውን የሚያውቀው ከዚያች ምሽት ቁጥር ጋር አያይዞ ነው። ምክር ቤቱ ርእሰ ብሔር አድርጎ ሊሾማቸው በተሰበሰበ ዕለት ደግሞ በዚያ አዳራሽ እምብዛም የማይሰማ ነገር ሆነ፤ 26 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ ላይ የተነሣ እጅ ሲለያይ ይህ የመጀመሪያው ባይሆንም፣ እንዲህ ከፍ ያለ ሹመት ላይ ግን ያልታየ ነበር። ኖቬምበር 9 የበርሊን ግንብ ተከፈተ፣ ክሬንዝም ዲሴምበር ላይ ለቀቁ። ማርች 18 ቀን 1990 በተደረገው የመጀመሪያው ነፃ ምርጫ የገዢው ፓርቲ ወራሽ 16.4 በመቶ አገኘ። ከዚህ በፊት እንዲያ ያለ ቁጥር ፈርሞ የላከ የወረዳ ሹም ቢኖር ኖሮ ዕጣው ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ነገሩ ግን ፍርድ ቤት ደረሰ። ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ የድሬስደን ከተማ ከንቲባ የነበሩት ቮልፍጋንግ በርግሆፈር በ1992 ስለ ሜዩ ምርጫ ተከሰው በገደብ የአንድ ዓመት እስራትና መቀጮ ተፈረደባቸው። የክልሉ ፓርቲ መሪ የነበሩት ሃንስ ሞድሮቭ ቀጥለው ቀረቡ። ዳኞቹ ፊት የቆመው ጥያቄ ሕግ የተማረን ሰው እንቅልፍ የሚነሣ ነው። ምርጫው ከመጀመሪያው ምርጫ አልነበረም፤ አማራጭ የለውም፣ አንድ ወንበር አይለውጥም። ሐሰተኛ የሆነን ነገር ማጭበርበር ይቻላል? ማን ምን ተሰረቀ? የመጀመሪያው ችሎት በ1993 ሞድሮቭን ጥፋተኛ ካላቸው በኋላ በማስጠንቀቂያ ብቻ አሰናበታቸው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህን ሳይቀበለው ቀርቶ በ1995 በገደብ የዘጠኝ ወር እስራት ሆነ። የፍርድ ቤቶቹ ምክንያት ሲጨመቅ ይህ ነው፤ ምርጫው ነፃ አልነበረም፣ ነገር ግን ወደ ተከለለው ክፍል ገብቶ እያንዳንዱን ስም የሰረዘው ሰው በእውነት ድምፅ ሰጥቷል፤ ያንን ድምፅ ወደ ድጋፍ የለወጠ ሹም ደግሞ በራሱ አገር፣ በራሱ ሕግ፣ በአንቀጽ 211 ወንጀል ሠርቷል።